ግልጽ ደብዳቤ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፦ ቀብድ ስንከፍል የመድረሻ ቀን ይጻፍልን

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ሱሉልታ ላይ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ እንጦጦን ተሻግሮ የመጣ ሰው መንገዳችንን ያውቀዋል። ዳገቱ ሞተር ይፈትናል። ቁልቁለቱ ፍሬን ያግላል። የምጽፍላችሁ የመኪና አቅም ስለሚጨምሩ ዕቃዎች ነው፤ ስለ ቱርቦ፣ ጠንከር ስላለ ሾክ፣ ሙቀት ስለሚችል የፍሬን ሸራ። በትዕዛዝ ከውጭ ይመጣሉ፤ በተባሉበት ቀን ግን አይደርሱም።

ይህ የጎረምሶች ቅብጠት ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ እኛ ደግሞ ከእሷም በላይ ነን። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ቱርቦ አየሩን አምቆ ወደ ሞተሩ ስለሚያስገባ የጠፋውን ጉልበት ይመልሳል። ጭነት ይዞ እንጦጦን ለሚወጣ ሰው ይህ እንጀራው ነው።

አንድ ደንበኛ አለኝ። በአሮጌ የናፍጣ ሂሉክስ ከሱሉልታ ወደ ከተማ ወተት ያመላልሳል። ወተት ፀሐይ አይወድም፤ መኪናዋ ደግሞ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ነበር የምትወጣው። ቱርቦ እንግጠምላት ብለን ተስማማን። ሰኔ 2016 መጀመሪያ ላይ ለአንድ አስመጪ ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። በ45 ቀን ይደርሳል አሉኝ። በአፍ ነው ያሉኝ። ደረሰኙ ላይ የገንዘቡ ልክ አለ፤ ዕቃው መቼ እንደሚደርስ ግን አንድም ቃል የለም።

45ኛው ቀን አለፈ። ሳምንት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የምንዛሪ ለውጡ መጣ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዕቃው በቀኑ ደርሶ ቢሆን ቀሪውን በድሮው ዋጋ ከፍለን እንገላገል ነበር። እሱ ቀርቶ ስልክ ተደወለልኝ፦ "ልዩነቱን ጨምር፣ አለዚያ ይቆያል።" የዘገየው እሱ፣ የሚጨምረው እኛ።

ከዚያ በኋላ ያለው ያው የሚታወቀው ነው። ጂቡቲ ነው። ከጂቡቲ ተነስቷል። ጉምሩክ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ "ሞጆ ገብቷል፣ በዚህ ሳምንት ትረከባለህ" ሲሉኝ አምኜ መኪናዋን ፈታሁ። ማኒፎልዱን አወረድኩ፣ የማርሚታውን ቱቦ ቆረጥኩ። ያ ሳምንት እስከ ጥር ቆየ። ደንበኛዬ በእነዚያ ወራት ሁሉ የኪራይ መኪና እየከፈለ ወተቱን አመላለሰ። የሚያውቀው እኔን ነው፤ ገንዘቡንም የሰጠው ለእኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ሲደውል ስልኩን ለማንሳት አፍር ነበር።

ጥር ላይ ቱርቦው መጣ። መጋጠሚያውን የሚያሽገው ጓርኒሲዮንና የዘይት ቱቦው ግን አብረውት አልመጡም። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። ዘይት ካልደረሰው ወዲያው ነው የሚነደው። ስለዚህ ቱርቦው መደርደሪያዬ ላይ ተቀመጠ።

ሕግ የለም አልልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን አስመጪው መቼ "ተውኩት" ይላል? እሱ የሚለው "መንገድ ላይ ነው" ብቻ ነው። ቀን ካልተጻፈ ደግሞ መዘግየቱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል? አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ለሸማቹ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ መኪናውን ለቤቱ የሚያሠራ ሰው ግን ሸማች ነው፤ እሱም በዚሁ መንገድ ነው የሚጉላላው።

በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ውሳኔውን አልቃወምም። ግን በእጃችን ያሉትን መኪኖች ተንከባክበን ማቆየት አለብን ማለት ነው። ዕቃ ሲዘገይ ሰው ዝም ብሎ አይጠብቅም። መደርደሪያ ላይ ያገኘውን ፌክ የፍሬን ሸራ ገዝቶ ያንን ቁልቁለት ይወርዳል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነው።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ቀብድ የሚቀበል አስመጪ ሁሉ ዕቃው የሚደርስበትን ቀን ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ አስገድዱልን። ቀኑ ካለፈ ደንበኛው መርጦ ገንዘቡን የሚወስድበት ወይም በተስማማበት ዋጋ የሚጠብቅበት ግልጽ መመሪያ ይውጣ። በመዘግየቱ ጊዜ የመጣ የምንዛሪ ልዩነት የዘገየው ወገን ዕዳ ይሁን። "ጉምሩክ ላይ ነው" የሚል ሰውም ለጉምሩክ ያስገባውን ወረቀት፣ ዲክላራሲዮኑን፣ ያሳየን። ወረቀት ያለው ነገር በአፍ ብቻ ለምን ይነገረናል?

በሐቅ የሚሠሩ አስመጪዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ዶላር ጠብቀው፣ መርከብ ጠብቀው፣ ሲዘገይም ደውለው እውነቱን የሚነግሩ አሉ። እንዲህ ያለው መመሪያ እነሱን አይጎዳም፤ ቀድሞውንም የሚያደርጉትን ነው የሚጠይቃቸው።

ሂሉክሷ ዛሬም ክሪክ ላይ ናት። ደረሰኙንና የተላኩልኝን መልእክቶች በሙሉ አስቀምጫለሁ። በጠራችሁኝ ቀን ይዤ እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሱሉልታ፣ አንድ የጋራዥ ባለቤት