ስደተኛን ማቋቋም ከመጠለያ ያልፋል

ለአዘጋጁ፦

አዲስ የመጡ ስደተኞችን ስለሚደግፉ የማኅበረሰብ አገልግሎቶች ያወጣችሁት ጽሑፍ በመጠለያና በምግብ ላይ ያተኮረ ነበር። እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉዳዮች ናቸው። ትልቁ ችግር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በእኔ እምነት ከሁሉም የሚብሰው የአስተርጓሚ እጦት ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ስለሚገቡ ቋንቋውን ከወላጆቻቸው ቀድመው ይለምዳሉ። ስለዚህ ሐኪም ቤትም ሆነ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚዎቹ እነሱ ይሆናሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ የእናቷን ሕመም ለሐኪም እንድታስረዳ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም። እናት በልጇ ፊት የማትናገረው ብዙ ነገር አለ፤ በተለይ በስደት መንገድ ላይ የደረሰባትን። ልጅቷ የመድኃኒቱን አወሳሰድ አሳስታ ብትተረጉም ደግሞ ጉዳቱ ከባድ ነው። በዚያ ላይ ከትምህርቷ ትቀራለች፤ ይህን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

የሥራውም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1951 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 17 ስደተኞች ተቀጥረው ስለመሥራት መብታቸው ይደነግጋል። ሆኖም የትምህርት ማስረጃዋን የት እንደምታስመዝን የሚነግራት ያጣች ነርስ መብቷ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ የአካባቢ አስተዳደሮች ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚያገለግል አንድ ቋሚ የድጋፍ ቢሮ ይክፈቱ። የሠለጠነ አስተርጓሚ በአካልም በስልክም ያቅርብ፤ የትምህርት ማስረጃ ማስመዘኛውንም ያስጀምር። ቀድመው መጥተው የተቋቋሙ ስደተኞች በደመወዝ ይቀጠሩበት። የማታ የቋንቋ ትምህርት ሲሰጥም የልጆች ማቆያ አብሮ ይዘጋጅ፤ አለበለዚያ እናቶች መማር አይችሉም።

አንድ አንባቢ