ውሃ የማይጠይቀው ልጅ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምቱ ሲገባ ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ዘመድ ለመጠየቅ ልጆቹን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። የሚሰጠው ምክር ሁሌም ያው ነው፦ ኮፍያ፣ ስስ ልብስ፣ «ሲጠማው ውሃ ስጡት»። በቅርቡ በጉዲፈቻ ወደ ቤት ለገባ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ልጅ ይህ የመጨረሻው ምክር አይሠራም። በማሳደጊያ ያደገ ልጅ የሚበላውም የሚጠጣውም በተመደበ ሰዓት ስለነበር፣ «ጠማኝ» ብሎ መጠየቅን ያልለመደ ወይም የተወ ብዙ ነው። ዝምታውን አይተን «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» እንላለን። ልጁ ግን እየደረቀ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ውሃው በሰዓት ይሰጥ። ልጁ ውጭ ሲሆን በየግማሽ ሰዓቱ አንድ የቡና ሲኒ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ በየሰዓቱ፣ ቢጠይቅም ባይጠይቅም። ሽንቱን ተከታተሉ፤ ፈዛዛ ከሆነ ደህና ነው፣ ጠጅ ከመሰለ ውሃ አንሶታል፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ካልሸና ሐኪም ይየው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ውሃ አይሰጠውም፤ ወተቱን ቶሎ ቶሎ ስጡት። የዱቄት ወተት ከሆነ «ለሙቀቱ» ብሎ ማቅጠን አይገባም።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ጣል ቢያደርግም ከሰዓት በኋላ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ ለሳምንት የሄደ ልጅ ሳይለምደው ይመለሳል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ ይቆይ፤ ድሬዎች ራሳቸው በዚያ ሰዓት ከፀሐይ የሚሸሹት በምክንያት ነው። በአውቶቡስ ከሆነ ሙቀቱ ድሬ እስክትደርሱ አይጠብቅም፤ አዋሽ ላይ ይጀምራል። «ብርድ ይመታዋል» የሚል ተሳፋሪ ሁሉንም መስኮት ሲዘጋ ዝም አትበሉ። ሹራቡም አዋሽ ሳይደረስ ይውለቅ።

አስቸጋሪው ማዘሉ ነው። አዲስ ለገባ ልጅ ጀርባ ላይ መታዘል ከመድኃኒት ይበልጣል፤ አሳዳጊውን የሚለምደው በገላው ሽታና በትንፋሹ ነው። ቀትር ላይ በጋቢ ከታዘለ ግን የእናቱ ሙቀት በራሱ ላይ ይደመራል። ጠዋትና ማታ በስስ ነጠላ እዘሉት፤ ቀትር ላይ ጎኑ ተቀምጣችሁ እጁን ያዙት። አንገቱና ብብቱ ላይ የሙቀት ሽፍታ ሲወጣ ቫዝሊን መቀባት የተለመደ ስህተት ነው፤ ቅባቱ የላቡን ቀዳዳ ደፍኖ ያብሰዋል። በቀዝቃዛ ውሃ አጥቦ አድርቆ አየር እንዲያገኘው መተው ይበቃል።

ተቅማጥ ከያዘው አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ (የጨውና የስኳር ዱቄት) የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ብዙ ሰው በትንሿ ሃይላንድ ይበጠብጠዋል፤ ጨው በዝቶበት ልጁን ይጎዳዋል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን አንብቡ። በየተቅማጡ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በጥቂት በጥቂቱ ይሰጥ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ።

ልጁ ፈዝዞ፣ ገላው እንደ እሳት ሲፋጅ አንድ ዘመድ «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ አሽቶ፣ ጋቢ አልብሶ ሊያልበው ይነሣል። ዳማ ከሴው ላይጎዳው ይችላል፤ ጋቢው ግን ይገድላል። ልብሱን አውልቁ፣ ሙሉ ገላውን በውሃ አርጥቡ፣ አራግቡለት፤ ሐኪም ቤት የሚወሰደው እየቀዘቀዘ ነው። ፓራሲታሞል እንዲህ ያለውን ሙቀት አያበርድም። ራሱን ለሳተ ልጅ በአፉ ምንም አይሰጥም።

ሻንጣ ማዘጋጀቱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት የተዛወረ ልጅ ሻንጣ ሲያይ ሊመልሱት መስሎ ይታየዋል። ከሁለት ቀን በፊት ንገሩት፤ አልጋው እዚሁ እንደሚጠብቀው አሳዩት፤ አንድ መጫወቻ ትራሱ ላይ ይተው። የሚተኛበትን ብርድ ልብስ ሳታጥቡ ይዛችሁለት ሂዱ። ቤት ከገባ ሦስት ወር ካልሞላው ግን ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ብታደርጉት እንመርጣለን።

የፍርድ ቤቱን የጉዲፈቻ ውሳኔ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱንና የክትባት ካርዱን ቅጂ ያዙ፤ የአባት ስሙ ገና ካልተቀየረ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ውሳኔው ካልተሰጠ ያስረከባችሁ ተቋም በጽሑፍ ይፍቀድ።

ዘመዶች ያጎርሱት፣ ይሳሙት፣ ያሳድሩት ይሆናል። ለጊዜው የሚያበላው፣ የሚያጥበውና የሚያስተኛው አሳዳጊው ብቻ ይሁን፤ ይህን ከመድረሳችሁ በፊት በስልክ መናገር ፊት ለፊት ከመከልከል ይሻላል። ያገኘውን ሰው ሁሉ «እማዬ» እያለ የሚከተል ልጅ ተግባቢ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ቀፊራ ገበያ ውስጥ የማንንም እጅ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል ስልክ ቁጥራችሁን ከልብሱ ውስጥ ጻፉ።

ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ለልጅ መጫወቻ ይመስላል። ጎርፉ ግን ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ከደጋው ይመጣል፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። በክረምት ልጅ አይውረድበት።

ስለ ትንኝ፦ አጎበር የሌሊት ነው፤ ደንጊ የተባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ግን ቀን ትነክሳለች። የወባዋም አዲስ ዝርያ፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲ፣ በበርሜልና በሮቶ ውሃ ውስጥ ስለምትራባ የሚያድርበት ቤት የውሃ ማጠራቀሚያ መከደኑን እዩ። አዲስ አበባ ከተመለሳችሁ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ካተኮሰው «የክረምት ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ድሬዳዋ እንደነበረ ለሐኪሙ ተናግራችሁ የወባ ምርመራ አስደርጉለት።

ሁለት የሕፃናት ጤና ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ