ጉዳዩ፦ «ምስጢሩ ተፈታ» ብላችሁ ስለሸጣችሁልን የኤምኤች 370 ፕሮግራም

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የጣቢያችሁ ደንበኛ ከሆንኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ሰሞኑን የካቲት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. ስለጠፋው የማሌዥያ አውሮፕላን ያቀረባችሁትን ባለ ሦስት ክፍል ፕሮግራም ለማየት ተጨማሪ ከፍያለሁ። ሦስቱንም ማታ ከቤተሰቤ ጋር ቁጭ ብዬ አየሁት። የተፈታ ነገር የለም።

አውሮፕላኑ ዲዬጎ ጋርሺያ በምትባለው፣ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ባለባት የህንድ ውቅያኖስ ደሴት በድብቅ አርፏል ለሚለው ግምት አንድ ሙሉ ክፍል ሰጣችሁ። ባሕሩ የመለሰውን የክንፍ አካል ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፋችሁት። እሱንም «አወዛጋቢ» ብላችሁ! በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት አውሮፕላን ጥገና ላይ ነው። ፍላፐሮን የሚባለውን በእጄ አውቀዋለሁ። የክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተንቀሳቃሽ ክፍል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. በህንድ ውቅያኖስ ባለችው የፈረንሳይ ግዛት፣ ሬዩንየን ደሴት ዳርቻ ሲገኝ ቅርፊት ያላቸው ትንንሽ የባሕር ፍጥረታት ተጣብቀውበት ነበር። ፈረንሳዮቹ ውስጡን ሲያዩ ቁጥሮች አገኙ። ስፔን ያለው አምራች መዝገቡን አገላብጦ አንዱ ቁጥር የዚያው አውሮፕላን መሆኑን አረጋገጠ። በእኛ ሙያ ቁጥር የዕቃው መታወቂያ ነው። ሲገጠምም ሲፈታም ይጻፋል። ታዲያ ውዝግቡ የቱ ላይ ነው?

የሳተላይቱንም ነገር አድበስብሳችሁታል። ራዳር ካጣው በኋላ ሳተላይቱ በየሰዓቱ ገደማ «አለህ?» ሲለው አውሮፕላኑ «አለሁ» ይል ነበር። የመጨረሻው ምልክት የመጣው በማሌዥያ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡19 ነው። ፍለጋው ወደ ደቡባዊው የህንድ ውቅያኖስ የዞረው ከዚህ ተነስቶ ነው። እስከ ጥር 2009 ድረስ 120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የባሕር ወለል ታሰሰ፤ አውሮፕላኑ አልተገኘም። ይሄን እንዳለ ብትነግሩን ምን ይጎድልባችሁ ነበር?

ካፒቴኑን ደግሞ «ነፍሰ ገዳይ» አላችሁት። ቤቱ ባለው ሲሙሌተር (በኮምፒውተር በረራ መለማመጃ) ወደ ደቡብ ውቅያኖስ የሚወስድ መስመር መገኘቱ እውነት ነው፤ ሊነሳም ይገባል። ግን የማሌዥያ መርማሪዎች በ2010 ባወጡት ሪፖርት የአደጋውን ምክንያት መወሰን አልቻሉም። የሌላ ሰው እጅ ሊኖርበት እንደሚችልም አልካዱም። እነሱ ያልፈረዱትን እናንተ ፈረዳችሁ። ቤተሰቡ ይሄን ቢሰማ ምን ይላል?

ተሳፋሪውና ሠራተኛው ተደምሮ 239 ሰው ነው። በ2011 ቢሾፍቱ አጠገብ ወገኖቻችን ሲያልቁ ቤተሰቦቻቸው ከስፍራው የተዘገነ አፈር ተቀብለው አለቀሱ። የእነዚህኞቹ ቤተሰቦች ግን አፈር እንኳን የላቸውም። እናንተ «በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ» ስትሉ እዚህ ቤት እናቴ «ተመስገን» አለች። እኔ ነኝ ቁጭ ብዬ ያስረዳኋት።

ስለዚህ ፕሮግራሙ በተላለፈበት ሰዓት ማስተካከያ አውጡ። ማስታወቂያውን አንሱት። ካፒቴኑን የወነጀላችሁበትን ክፍል ቁረጡት። የከፈልኩት ተጨማሪ ገንዘብም ይመለስልኝ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ አዲስ አበባ