ለልጆቹ የንጋቱን ውኃ ስጧቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በስፖርት ገጻችሁ ስለ ውኃ ዋና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ዋናን ከጉዳይ ቆጥሮ የሚጽፍ ጋዜጣ ማግኘት ብርቅ ስለሆነ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። መደምደሚያው ግን አልተዋጠልኝም። ጽሑፉ ደረጃውን የጠበቀ ባለ 50 ሜትር ገንዳ እስኪሠራ ድረስ ከእኛ ዋናተኛ እንደማይጠበቅ ይናገራል። እንዲህ ያለ ገንዳ የማይመኝ የዋና ሰው የለም፤ እኔም እመኘዋለሁ። ነገር ግን ገንዳው ታቅዶ፣ በጀት ተይዞለት፣ ተሠርቶ እስኪያልቅ ዛሬ አሥር ዓመት የሆናት ልጅ ዕድሜዋ ያልፋል። ለእሷ አሁን የሚያስፈልጋት ነገር ሌላ ነው፤ እሱ ደግሞ በእጃችን አለ።

እኔ በቀድሞው ባሕር ኃይል ያገለገልኩ ሰው ነኝ። መዋኘት የተማርኩት ምጽዋ ላይ ነው። ዛሬ ቢሾፍቱ ውስጥ ልጆች አሠለጥናለሁ። ባሕር ኃይል ያስተማረን ላለመስጠም ነበር፦ ልብስ እንደለበሱ መንሳፈፍ፣ የደከመ ጓደኛን መጎተት፣ ሳይደነግጡ ረጅም ሰዓት ውኃ ላይ መቆየት። ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሕይወት ያተርፋል። ለውድድር መዋኘት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንዱን የሚችል ሁሉ ሌላውን ይችላል ብለን ስለምናስብ ነው ብዙ ልጅ የምናባክነው።

የቢሾፍቱን ልጆች እዩ። ሆራና ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ ውኃ አይፈራም። ከሌላ ቦታ የመጣ ልጅ ፊቱን ውኃ ውስጥ ለመንከር ሳምንታት ሲፈጅበት የሐይቁ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ጠልቆ ይወጣል። (ሐይቆቹ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ናቸውና ዳርቻቸው በድንገት ነው የሚጠልቀው። በዚህ ምክንያት ልጅ የቀበሩ ቤተሰቦችን አውቃለሁ፤ ማንም ልጁን ያለ ጠባቂ እዚያ እንዳይለቅ አደራ እላለሁ።) የሐይቁ ልጅ ችግር ሌላ ነው። ወዴት እንደሚሄድ ለማየት አንገቱን ቀና አድርጎ ይዋኛል። ጭንቅላት ሲነሳ ዳሌና እግር ይሰምጣል። ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ጥቅጥቅ ያለ ነገር ነውና እግሩ የሰመጠ ልጅ የፈለገውን ያህል ጉልበት ቢኖረው ግድግዳ እየገፋ እንደሚሄድ ሰው ነው። ጉልበቱን ጨርሶ ይደክማል እንጂ ወደፊት አይሄድም። ይህን ልማድ የሚያስተወው ከሥር መስመር የተሰመረበት፣ ጥግ ያለው ገንዳ ነው። ዓይኑን ወደ ታች ጥሎ መስመሩን ይከተላል፤ አንገቱ በራሱ ጊዜ ይስተካከላል።

ሐይቅ ግድግዳም የለውም። ግድግዳ ለዋናተኛ ምን እንደሆነ በስፖርት ገጻችን ላይ ሲጻፍ አይቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዳ። የ100 ሜትር ውድድር በ25 ሜትር ገንዳ ሦስት መዞሪያ አለው፤ በ50 ሜትር ገንዳ አንድ። ልጁ በየመዞሪያው ተገልብጦ ግድግዳውን በእግሩ ይመታል፤ ሁለት እጁን ከጭንቅላቱ በላይ አነባብሮ፣ ሰውነቱን ወጥሮ በውኃ ውስጥ ይተኮሳል። በአንድ ውድድር ውስጥ ዘሎ ከመግባት ቀጥሎ ትልቁ ፍጥነት ያለው እዚህ ላይ ነው። በነጻ ቀዘፋ፣ በጀርባና በቢራቢሮ የዋና ዓይነቶች ደንቡ ከግድግዳው እስከ 15 ሜትር ድረስ በውኃ ውስጥ መሄድን ይፈቅዳል። ታዲያ ይህን ለመማር 50 ሜትር ምን ያደርጋል? አጭር ገንዳ ውስጥ ያለ ልጅ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይዞራል፤ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ይገፋል። አሥር ዓመት ለሆነው ልጅ አጭሩ ገንዳ ትምህርት ቤቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቢሾፍቱ ውስጥ መዋኛ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎችና መዝናኛዎች ብዙ ናቸው። ሐዋሳም እንዲሁ፤ ባሕር ዳርም እንዲሁ፤ አዲስ አበባም በፍል ውኃ ከሚሞቀው የሂልተን ገንዳ ጀምሮ ገንዳ አላጣችም። እነዚህ ገንዳዎች ቅዳሜና እሑድ በሰው ይሞላሉ። ማክሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ግን ባዶ ናቸው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ እንግዳው ከአልጋው ሳይነሳ፣ አሥራ አምስት ልጆች ሠልጥነው፣ ታጥበው፣ በሶአቸውን በጥብጠው ጠጥተው ትምህርት ቤት መድረስ ይችላሉ።

ይህን ጥያቄ ይዤ ያልሄድኩበት ደጅ የለም። አንድ ሆቴል ለጥቂት ወራት ከፈቀደልን በኋላ እንግዶች ይረበሻሉ ብሎ በአንድ ቀን ማስታወቂያ ከለከለን። ልጆቹ መነጽራቸውን በእጃቸው እንደያዙ ከበር ተመለሱ። የባለቤቶቹ ስጋት ይገባኛል። ልጅ አደጋ ቢደርስበት ማን ይጠየቃል? ውኃው ቢቆሽሽ ማን ይከፍላል? መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው። ወላጅ ፈርሞ ያስገባል፤ ማንም ልጅ ሳይታጠብና ቆብ ሳያደርግ አይገባም፤ ከአሠልጣኙ ሌላ ነፍስ አድን የሚችል አንድ ሰው ዳር ላይ ይቆማል፤ ውኃውን ለሚያጸዳው መድኃኒት የሚሆን ገንዘብ ከወላጆችና ከከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ይዋጣል። የጎደለው ይህን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሮ ሁለቱን ወገን የሚያፈራርም አካል ነው። የውኃ ስፖርቶች ፌዴሬሽን ይህን ቢያደርግ ከየትኛውም የመሠረት ድንጋይ ይልቅ ለልጆቹ ይጠቅማል።

የገንዳዎቹን ጉድለት አልደብቅም። ብዙዎቹ ለመዝናናት የተሠሩ ናቸው፤ ዳራቸው ይጠማዘዛል፤ ከ20 ሜትር የሚያንሱም አሉ። ጥልቀታቸው ስለማይበቃ ዘሎ መግባትን እዚያ አላስተምርም፤ አንገት የሚሰበረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ውኃውም ይቀዘቅዛል። ለውድድር የሚፈለገው ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው፤ እኛ ዘንድ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ከዚያ በታች ይወርዳል። ቀጭን ልጅ ቶሎ ይበርደዋል። ከንፈሩ ሲጠቁር ሰዓቱ አልሞላም ብዬ አላቆየውም፤ ይወጣል። በእነዚያ ወራት ልምምዱን ወደ ከሰዓት በኋላ እናዛውረዋለን። በዐቢይ ጾምም ከፍ ያሉት ልጆች ስለሚጾሙ ከበድ ያለውን ሥራ የምሰጣቸው ከሚበሉበት ሰዓት ጋር አስማምቼ ነው። የአሠልጣኝነት ግማሹ ይኸው ነው።

ስለ አሠለጣጠኑም የምለው አለኝ። የአሥር ዓመት ልጅ በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ውኃ ውስጥ ብትሆን ይበቃታል። የዋኘችውን ኪሎ ሜትር አልቆጥርባትም፤ የምቆጥረው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስንት ጊዜ እንደቀዘፈች ነው። ፍጥነቷ ሳይቀንስ የቀዘፋዋ ቁጥር ከቀነሰ ውኃውን በእጇ ይዞ መግፋት ተምራለች ማለት ነው። በቀኝም በግራም እንድትተነፍስ አደርጋለሁ። ዐሥራ ሦስት ዐሥራ አራት ዓመት እስኪሆናት ድረስም አራቱንም ዓይነት፣ ነጻ ቀዘፋን፣ ጀርባን፣ ደረትንና ቢራቢሮን፣ ትማራለች። ገና በአሥር ዓመቷ የ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ዋናተኛ ብቻ እናድርጋት ሲሉኝ አልስማማም። ትከሻዋ አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ እየደጋገመ ይጎዳል፤ እሷም ትሰለቻለች።

ከዚያ የዕድገት ዘመን ይመጣል። እዚህ ላይ ነው አብዛኛውን ልጅ የምናጣው። ክንድና እግር በድንገት ይረዝማሉ፤ ልጁ የገዛ አካሉ እንግዳ ይሆንበታል፤ ለወራት ሰዓቱ አይሻሻልም፤ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል። ሴቶቹ ላይ ይህ ቀድሞ ይደርሳል። አንዲት እናት፣ "ጋሼ፣ ልጄ ሰነፈችብዎት እንዴ? ከዋናው ላስወጣት?" ብላኝ ነበር። ልጅቱ አልሰነፈችም፤ እያደገች ነበር። አባቶች ደግሞ በአለባበሱ ይጨነቃሉ። የውድድር ደንቡ ለሴቶች ከትከሻ እስከ ጉልበት የሚሸፍን ልብስ እንደሚፈቅድ ስነግራቸው ብዙዎቹ ይረጋጋሉ። ሴት ረዳት አሠልጣኝ ሲኖር ደግሞ ልጆቹ ለእኔ የማይነግሩኝን ይነግሯታል፤ ከልምምድ መቅረታቸውም ይቀንሳል። ፌዴሬሽኑና ክልሎቹ የአሠልጣኞች ሥልጠና ሲያዘጋጁ ከሠልጣኞቹ ግማሹ ሴት ይሁን እላለሁ።

በልጆች ውድድር ላይ የማየው የዕድሜ ቅነሳ ያሳምመኛል። ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ከዐሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፎ ሜዳሊያ ይወስዳል። አሸናፊው ከዚህ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ሁለት ሦስት ዓመት ሲያልፍ እኩዮቹ ይደርሱበታል። የተሸነፈው ትንሽ ልጅ ግን "አልችልም" ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ተመልሶም አይመጣም።

በሪዮ ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ገብቶ ከ59 ዋናተኞች የመጨረሻው ሲሆን ዓለም ተሳለቀበት፤ እኛም አብረን ተሳለቅን። ስለ ሰውነቱ የተጻፈውን ሳነብ በጣም አዝኛለሁ። ያንኑ ውድድር ያሸነፈው አውስትራሊያዊው ካይል ቻልመርስ 47.58 ሰከንድ ሲገባ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበር። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሁለት ወጣቶች ልዩነት ብቻ አይደለም። አንደኛው አገር ልጆቹን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በየሰፈሩ ክለብ በየንጋቱ ውኃ ውስጥ ያስገባል። ሌላው፣ የእኛው፣ በዋና ድሃ ለሆኑ አገሮች በሚሰጠው የተሳትፎ ዕድል አንድ ሁለት ልጅ ይልካል። በለንደን ያኔት ስዩም፣ በቶኪዮ አብዱልማሊክ ሙክታር ለእኛ ውኃ ገብተዋል፤ ክብር ይገባቸዋል። ይህ ዕድል ግን የሥራ ሁሉ ግብ ሊሆን አይገባም።

አፍሪካዊ አይችልም የሚለኝም አለ። የዚምባብዌዋ ከርስቲ ኮቨንትሪ፣ አሁን የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት፣ ሰባት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘች ዋናተኛ ናት። ወደ አሜሪካው ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ከመሄዷ በፊት ያደገችው ሐራሬ ነው፤ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት፣ ባሕር የማያውቃት ከተማ። ቱኒዚያዊው አሕመድ ሐፍናዊ በቶኪዮ 400 ሜትር ነጻ ቀዘፋን ከዳር መስመር ተነሥቶ ሲያሸንፍ 18 ዓመቱ ነበር። ከፍታችንም እንቅፋት ተደርጎ ይነገራል። የዓለም ታላላቅ ዋናተኞች ግን በፈረንሳይ ፎን ሮሜ 1,850 ሜትር፣ በስፔን ሴራ ኔቫዳ 2,320 ሜትር ላይ ወጥተው ገንዘብ ከፍለው ይሠለጥናሉ። ቢሾፍቱና አዲስ አበባ በእነዚሁ ከፍታዎች ላይ ናቸው። አሠልጣኙ ማወቅ ያለበት እዚህ ልጁ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ሲሸጋገር ረዘም ያለ ዕረፍት እንደሚያስፈልገው ነው።

የገንዳ ባለቤቶች ሆይ፣ ሁለት መስመር ገመድ የምንዘረጋበት ቦታና የንጋቱን ሰዓት ስጡን። ፌዴሬሽኑ ደግሞ በየሦስት ወሩ፣ በየከተማው፣ ባለው አጭር ገንዳ፣ ሰዓት ብቻ የሚለካበት ትንሽ ውድድር ያድርግ፤ ዕድሜያቸው በትምህርት ቤት መዝገብ የተረጋገጠ ልጆች ይዋኙ።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። የልጆች ዋና ውድድር ሲካሄድ ማን ወርቅ፣ ማን ብር እንዳገኘና የትኛው ክልል ዋንጫ እንደወሰደ ብቻ ነው የምታወጡት። ከስማቸው ጎን ዕድሜያቸውንና የገቡበትን ሰዓት፣ ገንዳው ስንት ሜትር እንደሆነም ጨምራችሁ ጻፉ። አምስተኛ የወጣችውም ትኑርበት። ያኔ አንዲት የሐዋሳ ልጅ ባሕር ዳር ካለች እኩያዋ ጋር ራሷን ታስተያያለች፤ እኔም ጋዜጣውን ቆርጬ ገንዳው ዳር እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የልጆች ዋና አሠልጣኝ፣ ከቢሾፍቱ