የፊልም ክበብ፦ ከምን ቀጥሎ ምን?

ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን ካያቸው ፊልሞች ይልቅ የተከራከረባቸው የፕሮግራም ሰሌዳዎች ይበዛሉ። ሆን ብለን ያደረግነው ነው። በፊት በፊት ሥራችን አንድ ፊልም መርጦ ማየት፣ መብራት ሲበራ ደግሞ «ደስ ይላል»፣ «አይልም» ተባብሎ መበተን ነበር። ዘንድሮ ከፊልሙ ቀድሞ የሚመጣውን ጥያቄ ይዘን ተነሣን፤ ማን መረጠው? ለምን በዚህ ሰዓት? ከምን ቀጥሎ? ለዚህ የሚሆን፣ የድሮ ፊልም ወዳጆች ሌት ተቀን የሚነታረኩበት አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ አለ፤ ተርነር ክላሲክ ሙቪስ፣ በአጭሩ ቲሲኤም። የወሩ ሰሌዳ አስቀድሞ ስለሚወጣ ጣቢያውን ሳይከፍቱም ሰሌዳውን ማንበብ፣ ማመስገንም ማማትም ይቻላል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጣቢያው አመጣጥ ብቻውን አንድ ሙሉ ስብሰባ በልቷል። ባለሀብቱ ቴድ ተርነር በ1986 ኤምጂኤም የተባለውን ስቱዲዮ ገዛ፤ ዕዳው ሲከብደው ስቱዲዮውን መልሶ ሸጠ፣ የፊልም ክምችቱን ግን አስቀረ። ከ1950 በፊት የተሠሩት የዋርነር ብራዘርስ ፊልሞችም ከዚያው ክምችት ውስጥ ነበሩ። ቀጥሎ ያደረገው ነገር የፊልም ሰዎችን አስቆጣ፤ ጥቁርና ነጩን ፊልም በኮምፒውተር ቀለም እያስቀባ ማሳየት ጀመረ። ዳይሬክተሩ ጆን ሂውስተን የገዛ ፊልሙ ተቀብቶ ሲያየው በአደባባይ ተቃወመ። ነገሩ እስከ ኮንግረስ ደርሶ በ1988 የፊልም ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ በየዓመቱ 25 ፊልሞች የሚገቡበት ብሔራዊ የፊልም መዝገብ የተቋቋመው በዚህ ሕግ ነው። ኦርሰን ዌልስ የሠራው ሲቲዝን ኬን የተባለው ፊልምም ሊቀባ ታስቦ ነበር፤ ያዳነው ዌልስ ፊልሙን ከሠራለት ስቱዲዮ ጋር የነበረው፣ በፊልሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን የሚሰጠው ውል ነው።

እንግዲህ ይኸው ሰው ነው ኤፕሪል 14 ቀን 1994 ፊልሞችን ሳይቆርጥ፣ መሐላቸው ማስታወቂያ ሳያስገባ የሚያሳይ ጣቢያ የከፈተው። የመጀመሪያው ፊልም በ1939 የተሠራው ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ ነበር። «ተጸጽቶ ነዋ» አለች አንዷ። «ምን ተጸጽቶ፤ ክምችቱ የሚሠራበት ቦታ ፈልጎ እንጂ» አለ ሌላው። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ቢሆንም የነጋዴ ሒሳብ አንዳንዴ ከበጎ ፈቃደኛ ምኞት የተሻለ እንደሚያተርፍ ልጆቹ ቢያውቁት አይከፋም።

ፊልምን በተቀረጸበት ስፋት ማሳየት ለምን ያን ያህል እንደሚያጨቃጭቅ በቃል ባስረዳም ስላልገባቸው ወደ ካርቶን ዞርን። ከ1953 ጀምሮ የተስፋፋው፣ ሲኒማስኮፕ የተባለው የሰፊ ምስል አቀራረጽ የምስሉ ወርድ የቁመቱን 2.35 እጥፍ ያህል ነው፤ የድሮው ቴሌቪዥን ግን 1.33 ብቻ። የፊዚክስ መምህሩ ባልደረባዬ ሒሳቡን ሰሌዳው ላይ ሠሩልን፤ ሰፊው ምስል የድሮውን ቴሌቪዥን እንዲሞላ ከተደረገ ከመቶ 43 ያህሉ ይጠፋል። ከዚያ አንድ ትዕይንት በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ጣልንና ሁለት ተማሪዎች ግራና ቀኙን በካርቶን ሸፈኑት። በትዕይንቱ ሁለት ሰዎች በረጅም ጠረጴዛ ጫፍና ጫፍ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ካርቶኑ ሲገባ ጠረጴዛው ብቻውን ቀረ፤ ድምፅ ይሰማል፣ ተናጋሪ የለም። ልጆቹ ካርቶኑን ወዲያና ወዲህ እየገፉ የሚናገረውን ሰው መከተል ጀመሩ፤ የድሮ ጣቢያዎች ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድምፅዋን ሰምተናት የማናውቅ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከኋላ ሆና «ታዲያ የሚሰማውን ሰው ፊት መቼ ነው የምናየው?» አለች። ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ ማንም ማብራሪያ አልጠየቀኝም።

ጣቢያውን ከሌላው የሚለየው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ አቅራቢው ነው። ሮበርት ኦዝቦርን ጣቢያው ከተከፈተ አንሥቶ በ2017 እስካረፈ ድረስ የጣቢያው ፊት ነበር፤ ከፊልሙ በፊት ብቅ ይልና ለጥቂት ደቂቃ ያወራል፣ ከዚያ ዘወር ይላል። በ2003 የተቀላቀለው ቤን ማንክዊትዝ ደግሞ የሲቲዝን ኬንን ድርሰት ከዌልስ ጋር የጻፈው የኸርማን ማንክዊትዝ የልጅ ልጅ ነው። የጣቢያው ተመልካቾች ስለነዚህ ሰዎች እንደ ዘመድ ነው የሚከራከሩት፤ ይሄኛው ያበዛል፣ ያኛው ያሳጥራል፣ እገሌ መጨረሻውን አስቀድሞ ነገረብን።

እኛም መግቢያ ፊልምን ምን እንደሚያደርገው ለማየት አባላቱን ለሁለት ከፍለን በተለያየ ክፍል አንድ ፊልም አሳየን። ፊልሙ በ1924 የተሠራው የበስተር ኪተን ሸርሎክ ጁኒየር ነው፤ ድምፅ አልባ፣ ርዝመቱ 45 ደቂቃ ያህል። ለአንደኛው ቡድን አስቀድመን አንድ ነገር ነገርን፤ ኪተን ከባቡር ሐዲድ ማማ የሚወርድ ውኃ ሲደፋበት ወድቆ አንገቱ ከሐዲዱ ጋር ይጋጫል፤ አጥንቱ መሰበሩን ያወቀው ከዓመታት በኋላ በራጅ ነው። ለሁለተኛው ቡድን ምንም አልተነገረም።

አንደኛው ክፍል ውስጥ ሳቅ አልነበረም ማለት ይቀላል። ልጆቹ ዓይናቸውን ተክለው ውኃውን ይጠብቃሉ፤ ኪተን ሲኒማ ቤት ውስጥ ተኝቶ በሕልሙ ወደ ስክሪኑ የሚገባበት፣ ቦታው በየቅጽበቱ የሚቀያየርበት ያ ድንቅ ክፍል እንኳ እንደ መንገድ ላይ ነገር አለፋቸው። ሌላኛው ክፍል ገና ከጅምሩ ይንፈራፈር ነበር፤ ውኃው ሲመጣ ደግሞ ሳቁ እጥፍ ሆነ። ታሪኩን በኋላ ስንነግራቸው «መልሱልን» አሉ። መለስንላቸው። አንዳንዶቹ በዚህኛው ዙር አልሳቁም፤ አንድ ልጅ ግን «አሁን እንዲያውም የበለጠ አከበርኩት፣ ስለዚህ እስቃለሁ» ብሎ ድርቅ አለ። አቋሙን አሁንም አልለቀቀም።

ኑዋር አሊ የተባለው የጣቢያው የድሮ ወንጀል ፊልሞች ፕሮግራም አቅራቢ ኤዲ ሙለር ከፊልሙ በኋላም ተመልሶ መጥቶ እንደሚያወራ ያኔ ነው ለልጆቹ ትርጉም የሰጣቸው። ለወንጀል ፊልም ይህ አስፈላጊ ነው፤ ገዳዩን ሳይናገሩ ስለ ገዳዩ ምን ይወራል? የክበባችን ጸሐፊ ከውይይቱ ተነሥታ ደንብ ጻፈች፤ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ይነበባል፦ «መግቢያ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ስብራት፣ ፍቺና ሞት ከፊልሙ በኋላ ይነገራል።» ጸድቋል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጥንድ ፊልሞችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ጀመርን፤ ከሁሉ የበለጠ የተማርነውም እዚህ ላይ ነው። ቤን ሄክትና ቻርልስ ማካርተር በ1928 ለመድረክ ያበቁት አንድ ተውኔት አለ። ሂልዲ ጆንሰን የተባለ ጋዜጠኛ ሥራውን ትቶ ሊያገባ ሲነሣ አለቃው ዋልተር በርንስ በተንኮል ሁሉ ያስቀረዋል። ሉዊስ ማይልስቶን በ1931 ዘ ፍሮንት ፔጅ ብሎ ፊልም አደረገው። በ1940 ሃዋርድ ሆክስ ያንኑ ታሪክ ሂዝ ገርል ፍራይዴይ በሚል ርዕስ ሲሠራ ሂልዲን ሴት አደረጋት፤ ያም አልበቃውም፣ የአለቃዋ የፈታት ሚስት አደረጋት። ሮዛሊንድ ረስልና ኬሪ ግራንት ናቸው የተጫወቱት።

በአንዱ ሳምንት የ1931ዱን፣ በሚቀጥለው የ1940ውን አሳየን። ልዩነቱን ልጆቹ ራሳቸው አወጡት። በመጀመሪያው ፊልም አለቃው «አትሂድ» ሲል ጉዳዩ ጋዜጣው ነው። በሁለተኛው ያው ልመና፣ ያው ማታለል፣ ያው ስልክ እየነጠቁ መጮህ ወደ ቅናት ይጠጋል፤ ቅናት ይሁን ሥራ ሰውየው ራሱ የሚያውቅ አይመስልም። በመጀመሪያው ሳምንት ቀርተው የነበሩት አባላት ሁለተኛውን ብቻ አይተው «የሚያስቅ የፍቅር ፊልም ነው» ብለው ሊወጡ ሲሉ ሁለቱንም ያዩት አላስወጧቸውም። ፊልሙ አንድ፣ ክፍሉ አንድ፣ ሰዓቱም አንድ ሆኖ ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ነገር አይተው ነበር። ለዓመቱ ጥያቄያችን ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ስለዚህ ፊልም አንድ ቅሬታ ላስመዝግብ። በሆክስ ፊልም ተዋናዮቹ አንዱ የሌላውን አፍ እየነጠቁ ስለሚናገሩ የግርጌ ጽሑፉ ሊደርስባቸው አልቻለም። አንዱን አረፍተ ነገር አንብበን ቀና ስንል ሦስት ሰው ተናግሮ ጨርሷል። በመጨረሻ ጽሑፉን አጥፍተን ፍጥነቱን ብቻ ሰማን፤ ያመለጠን ቃል ብዙ ነው፣ ያመለጠን ቀልድ ግን ከፈራነው ያነሰ ነበር።

ጣቢያው በኦስካር ሰሞን አንድ ዓመት እያንዳንዱን ፊልም ከሚቀጥለው ጋር በጋራ ተዋናይ እያያያዘ ወሩን ሙሉ ሰንሰለት ሠርቶ ነበር፤ በሌላ ዓመት ደግሞ በፊደል ተራ ደረደረው። በፊደል ተራ መደርደርን ልጆቹ «ስንፍና» ብለው ዘጉት። ሰንሰለቱን ግን ያዙት፤ የምሳ ሰዓት ጨዋታ ሆነ። ካዛብላንካ ውስጥ ክሎድ ሬይንስ አለ፣ እሱ ኖቶሪየስ ውስጥም አለ፣ እዚያ ኬሪ ግራንት አለ፣ ወደ ሂዝ ገርል ፍራይዴይ ያሻግራል፣ ከዚያ በሮዛሊንድ ረስል ወደ ዘ ዊመን። ግርግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት የጽዳት ሠራተኞቹ እንዳያነሡብን ለለመንናቸው ጊዜ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ትልቁ ጠብ የድግግሞሽ ጠብ ነው። የጣቢያው ወዳጆች በየኦስካሩ ሰሞን እነዚያው ስመ ጥር ፊልሞች ተመልሰው መጡ ብለው ያማርራሉ። ከክበባችን ግማሹ ከነሱ ጋር ሆነ። ሌላው ግማሽ ደግሞ ለአንዱ ሃያኛ የሆነው ለሌላው መጀመሪያው ነው አለ፤ እኔም ለዚህ ወገን ማስረጃ ያልኩትን አቀረብኩ። የፍራንክ ካፕራ ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ በ1946 ሲወጣ ወጪውን እንኳ አልመለሰም። በ1974 የቅጂ መብቱ ሳይታደስ ስለቀረ ጣቢያዎች ያለ ክፍያ በየገናው ደጋግመው አሳዩት፤ ዛሬ የሚታወቅበትን ቦታ ያገኘው በዚያ ነው። ረታሁ ብዬ ስቀመጥ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ተነሣች። «መምህር፣ ያ እኮ ለኛ ነው የሚመሰክረው። ያኔ ማንም የማይፈልገውን ፊልም ነው ያሳዩት። የታወቀ ቢሆን በነፃ አያገኙትም ነበር።» መልስ አልነበረኝም፤ ጭብጨባው የሷ ሆነ።

«ክላሲክ» የሚባለው እስከየት ነው የሚለው ክርክር ደግሞ በቁጥር አለቀ። አንዳንድ ተመልካቾች ጣቢያው የ1980ዎቹንና የ1990ዎቹን ፊልም ሲያሳይ ይቆጣሉ። ልጆቹ ሒሳብ ሠሩ፤ ጣቢያው በ1994 ሲከፈት የ1964 ፊልም 30 ዓመቱ ነበር። ጣቢያው ራሱ 30 ዓመት በሞላው በ2024፣ በተከፈተበት ዓመት የተሠራ ፊልምም 30 ዓመቱ ነው። ይኸው ነው። ለድምፅ አልባዎቹ ፊልሞች ግን ሁሉም ተስማምቶ ልዩ ቦታ ሰጠ፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት ከአሜሪካ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች 70 በመቶ ያህሉ እስከ ወዲያኛው ጠፍተዋል። ዣክሊን ስቱዋርት በእሑድ ምሽት የምታቀርባቸው ከቀሩት የተመረጡ ናቸው።

ሰሌዳ የሚያወጣ ሰው መኖሩን ለተጠራጠሩ አባላት የጁን 2023ቱን ዜና አነበብንላቸው። ባለቤት የሆነው ኩባንያ ብዙ የጣቢያውን ሠራተኞች ሲቀንስ ስቲቨን ስፒልበርግ፣ ማርቲን ስኮርሴዚና ፖል ቶማስ አንደርሰን የኩባንያውን ኃላፊ አነጋገሩ። ከተቀነሱት አንዱ የነበረው የፕሮግራም ኃላፊው ቻርልስ ታቤሽ በቦታው እንዲቆይ ተደረገ። ሦስቱ ዳይሬክተሮች ስለ ተዋናይ ወይም ስለ ካሜራ ሳይሆን ሰሌዳ ስለሚያወጣ ሰው መሟገታቸው፣ ከዓመቱ ወሬ ሁሉ ይህ ነው የሰሌዳ ቡድናችንን ያኮራው።

የዓመቱ መዝጊያ ሥራ እያንዳንዱ ቡድን የአንድ ሳምንት ሰሌዳ አውጥቶ መከላከል ነበር። የባቡር ሳምንት ቀረበ፣ ታሪካቸው በአንድ ክፍል ውስጥ የሚያልቅ ፊልሞች ሳምንት ቀረበ፤ አንድ ቡድን ሰባቱንም ቀን ኪተን አድርጎ መጥቶ በጩኸት ተመለሰ፣ እኔ ግን በግሌ አየው ነበር። ያሸነፈው ያው ታሪክ ሁለት ጊዜ የተሠራባቸውን ፊልሞች ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያቀረበው ነው፤ በመጪው ዓመት የመጀመሪያ ወር የምናሳየውም እሱን ነው። ከእያንዳንዱ ጥንድ አዲሱ ይቅደም ወይስ አሮጌው የሚለው ሁለት ጊዜ ድምፅ ተሰጥቶበት ሁለቱንም ጊዜ እኩል ወጥቷል። ሦስተኛው ድምፅ በምዝገባው ቀን ይሰጣል፤ አዲስ አባላትም መምረጥ ይችላሉ። መመዝገቢያው የሁለት ፊልም ርዕስና «ለምን ጎን ለጎን?» ለሚለው ግማሽ ገጽ መልስ ነው። የኪተን ቡድን አባላት ደግሞ ሌላ ሰሌዳ ይዘው ይምጡ።