ከዶማው በፊት ውሃ ልኩ፦ ስለ እንጦጦ የብስክሌት ጥርጊያዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለእንጦጦ ፓርክ አስተዳደር

ጉዳዩ፦ በእንጦጦ ደን ውስጥ ለተራራ ብስክሌት የሚከፈቱ መንገዶችን አሠራርና አያያዝ ይመለከታል

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

በኮሪደር ልማቱ በከተማችን ዋና ዋና መንገዶች ላይ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። በአስፋልት ላይ ሚዛን የጠበቀ ወጣት ቀጥሎ ቀና ብሎ የሚያየው እንጦጦን ነው፤ ፓርኩም በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ተራራው ለከተማው ሕዝብ ቀርቧል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። የምንጠይቃችሁ አንድ ጉዳይ ነው፤ በደኑ ውስጥ ለብስክሌት የሚከፈት እያንዳንዱ ጥርጊያ አንድ ዶማ ሳያርፍበት በፊት የውሃው መሄጃ ታይቶ መስመሩ በልኬት ይውጣ።

ብስክሌት ደኑን ያበላሻል የሚል ስጋት በየጊዜው ይነሣል። መሠረት የሌለው ስጋት አይደለም፤ ነገር ግን ዋናው አጥፊ ጎማው ሳይሆን ጎማው የከፈተውን ይዞ የሚወርደው ጎርፍ ነው። የእንጦጦ ደን በአብዛኛው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እምብዛም አይበቅልም፤ ቅጠሉም ዘይት ያለው ስለሆነ የደረቀው አፈር የመጀመሪያውን ዝናብ ቶሎ አይጠጣም። የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ ሲመጣ ውሃው ላይ ላዩን ይሄዳል፤ ቁልቁል ቀጥ ብሎ የወረደ ጥርጊያ ካገኘም ቦዩ አደረገው ማለት ነው። ነጂው ፍሬን ሲይዝ የኋላው ጎማ ይንሸራተትና አፈሩን ይፈታዋል፤ የተፈታውን አፈር ዝናብ ይወስደዋል፤ በቀጣዩ ዓመት ጥርጊያው ጎድጉዶ የዛፍ ሥር ይወጣል። ነጂዎች ጉድጓዱን ሽሽት በጎን ሲያልፉ አንድ ክንድ የነበረው መንገድ ሦስትና አራት ክንድ ይሆናል። የታጠበው አፈር ደግሞ በቀበናና በቀጨኔ ወንዞች አድርጎ ከተማው ውስጥ ይገባል።

መፍትሔው መስመሩን ተራራውን በአግድም እያሻገሩ ማውጣት ነው። ልኩም ይታወቃል፤ የጥርጊያው ቁልቁለት ከተራራው ጎን ተዳፋት ከግማሽ መብለጥ የለበትም። በ100 ሜትር 30 ሜትር በሚወርድ ጎን ላይ የሚሠራ መንገድ በ100 ሜትር ከ15 ሜትር በላይ አይውረድ። በአማካይ ግን ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለጀማሪ የሚከፈት ከሆነ 5 በመቶ ይበቃል። ከግማሹ ካለፈ ውሃው ጥርጊያውን ከማቋረጥ ይልቅ ተከትሎት ይወርዳል። በሜዳማ ቦታ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጎኑ 6 በመቶ ብቻ ከሆነ 5 በመቶ የሚወርድ መንገድ ለዓይን ለጥ ያለ ቢመስልም ውሃ ይይዛል።

ለልኬቱ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የግብርና ልማት ሠራተኞቻችን እርከን የሚያወጡበት ገመድና ውሃ ልክ በቂ ነው። ሁለት እኩል ዘንግ፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ በሲባጎው መሐል የሚንጠለጠል ውሃ ልክ። የታችኛው ሰው ሲባጎውን በዘንጉ ጫፍ ላይ ሲይዝ የላይኛው ሰው ከዘንጉ ጫፍ ጀምሮ እስከ ተፈለገው ምልክት ዝቅ ያደርገዋል፤ ሲባጎው ልክ ሲሆን በሁለቱ ዘንጎች ላይ ያለው የከፍታ ልዩነት 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቁልቁለቱ 8 በመቶ ነው። በየ10 ሜትሩ ዛፍ ላይ ጨርቅ እየታሰረ ይኬዳል። ጨርቁ ታስሮ ካለቀ በኋላ መስመሩን ሽቅብም ቁልቁልም በእግር መመላለስ ያስፈልጋል፤ ከላይ ያልታየ ስህተት ከታች ይታያል፤ ጨርቅ ማንሣት ደግሞ የተቆፈረን ከመድፈን ይቀላል።

ሲቆፈር የጥርጊያው ወለል ሙሉ በሙሉ ከተራራው ጎን እንደ መደብ ተቆርጦ ይውጣ። የተቆረጠው አፈር ከታች ተደልድሎ የመንገዱ ግማሽ እንዲሆን ማድረግ ድካም ይቀንሳል፤ ግን ያ ግማሽ በመጀመሪያው ክረምት ይንሸራተታል። ስለዚህ አፈሩ ከጥርጊያው ርቆ ይበተን። ለጀማሪ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ለለመደ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል። ወለሉ ወደ ቁልቁለቱ ጎን 5 በመቶ ያህል ያዘንብል፤ በ90 ሴንቲ ሜትር ላይ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከላይ ያለው የተቆረጠ ግድግዳም ቀጥ ብሎ አይተው፤ ወደ ኋላ ተዳፍቶ ይስተካከል፣ አለዚያ በዝናብ ተንዶ ማዘንበያውን ይደፍነዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጎማ ወለሉን እየረገጠ መሐሉን ማጎድጎዱ አይቀርም፤ ማዘንበያውም ከጊዜ በኋላ ይጠፋል። ስለዚህ መስመሩ ሲወጣ ጀምሮ በየ6 እስከ 15 ሜትሩ ቁልቁለቱ ለጥቂት እርምጃ ሽቅብ ቀና ይበል። ውሃ ሽቅብ ስለማይሄድ እዚያው ወደ ጎን ይወጣል። ቀድሞ በተሠራ ጥርጊያ ላይ ግን ሌላ ዘዴ አለ፤ 3 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ግማሽ ክብ ቦታ መሐሉ 15 በመቶ ወደ ውጭ እስኪያዘነብል ድረስ በአካፋ ይላጣል። ነጂው አይሰማውም፤ ውሃው ግን ይወጣል።

በጥርጊያ ላይ ግንድ አጋድሞ ውሃ ለማቆም መሞከር አያዋጣም። ከግንዱ ጀርባ ደለል ይሞላል፣ ጎማ ሲመታው ይነቃነቃል፣ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፣ ነጂዎችም በጎን ይዞሩታል። ጠጠር መድፋትም እንዲሁ ነው፤ በቁልቁለት ላይ ጠጠር ከጎማ ሥር ይሸሻል። ምንጭ የሚያቋርጥበትና ጭቃ የማይለቀው ቦታ ላይ ግን ድንጋይ ግድ ይላል። ድንጋዩ በጠፍጣፋው ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ፣ አብዛኛው አካሉ መሬት ውስጥ ተቀብሮ፣ ክፍተቱ በትናንሽ ድንጋይ ተጠቅጥቆ ይሠራ። በኮብልስቶን ሥራ እጃቸውን ያፍታቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ባሉባት ከተማ ይህን ሙያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ጊዜው ወሳኝ ነው። በጥርና በየካቲት የተቆፈረ አፈር አቧራ ነው፤ ቢጠቀጠቅም አይያያዝም። ጥሩው ወቅት ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና እርጥበት የያዘበት ጥቅምትና ኅዳር ነው። ከዚያ የበልጉ ዝናብ ሲጥል ሰው ወጥቶ ውሃው የት እንደሚቆም ይይ፣ ምልክት ያድርግ፤ ሰኔ ሳይገባ ይታረም። ክረምት ላይ ደግሞ ጥርጊያው የሚዘጋበት ግልጽ መለኪያ ይኑር። ጎማ ከጣት ውፍረት በላይ የጠለቀ አሻራ ከተወ በዚያ ቀን ለብስክሌት ዝግ ነው፤ ጥበቃው ይህን በሩ ላይ ሆኖ ሊወስን ይችላል።

ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ በመጥረቢያ ተሸልቶ የሚቀረው ጉቶ ለወደቀ ሰው ጦር ነው። ከጥርጊያው ግራና ቀኝ ያለው ጉቶ ከመሬት እኩል በመጋዝ ይቆረጥ፤ ስለሚያቆጠቁጥም በየዓመቱ ይታይ። የተላጠ ቅርፊትና የባሕር ዛፍ ፍሬ መታጠፊያ ላይ ሲከማች ጎማውን ያንከባልለዋል፤ ቅዳሜ ማለዳ በመጥረጊያ መጥረግ ይበቃል።

ደኑ የብስክሌተኛ ብቻ አይደለም። ማለዳ ወደ ጠበል የሚወጡ ሕሙማንና አረጋውያን አሉ፤ በዛፎቹ መሐል ወዲያ ወዲህ እየታጠፉ የሚሮጡ አትሌቶች አሉ፤ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች አሉ። የእናቶቹ ሸክም በአግድም ከአንድ ሰው ቁመት ሊበልጥ ይችላል፤ ጎንበስ ብለው ስለሚወርዱም ከኋላ የሚመጣን አያዩም፣ ቶሎም ፈቀቅ ሊሉ አይችሉም። ስለዚህ የቁልቁለት ጥርጊያው ከእነዚህ መንገዶች ተለይቶ ለብስክሌት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሁን። በሚያቋርጥባቸው ቦታዎች ነጂው ተገዶ እንዲቀዘቅዝ ከመገናኛው በፊት መንገዱ ሽቅብ ይታጠፍ፤ ከምልክት ሰሌዳ ይልቅ ዳገት ይታዘዛል። መስከረም 1 ቀን ራጉኤል ሲነግሥና በሌሎቹም ክብረ በዓላት ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚቀርበው ክፍል ይዘጋ። በየ200 ሜትሩ ቁጥር የተጻፈበት ችካል ቢተከል ደግሞ የወደቀ ሰው ያገኘ ወደ 907 ሲደውል አምቡላንሱን የት እንደሚጠራ ያውቃል።

ለኪራይ የሚቀርቡ ብስክሌቶች በየጠዋቱ ይፈተሹ። ከ3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲወረድ ፍሬን ይግላል፤ የፍሬን ሸራው 1 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይቀየር። የማዕድን ዘይት በሚጠቀም ፍሬን ላይ የመኪና ፍሬን ዘይት መጨመር ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ ይህ ስህተት በየጋራዡ የተለመደ ስለሆነ በጽሑፍ ይከልከል።

በገፈርሳ ግድብ ዙሪያ የብስክሌት መንገድ ከታሰበ ከውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ጋር በጋራ ይታይ። ውሃው በበጋ ሲሸሽ የሚቀረው ሜዳ ለመንዳት ይጋብዛል፤ ግን እዚያ የፈረሰ አፈር ግድቡ ሲሞላ ደለል ሆኖ የምንጠጣው ውሃ ውስጥ ይገባል። መንገዱ ከሙሉ ውሃው ጠርዝ በላይ፣ ከሣሩና ከቁጥቋጦው ጀርባ ይሁን።

ለሙከራ 1 ኪሎ ሜትር ይፈቀድልን። መስመሩን ከፓርኩ ባለሙያዎችና ከአካባቢው ወጣቶች ጋር ሆነን በመስከረም መጨረሻ በጨርቅ ምልክት ለማውጣት፣ ከጥቅምት ጀምሮ በዶማና በአካፋ ለመሥራት ዝግጁ ነን። በበልግ ዝናብ አብራችሁን ወጥታችሁ እዩት፤ ውሃ የያዘ ቦታ ከተገኘ ሌላ ሜትር ሳይቆፈር እናስተካክላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በተራራ ብስክሌትና በጥርጊያ ሥራ ላይ ያለን የአዲስ አበባ ነዋሪዎች