ምሥጢር ሳይሆን የውኃ ቦይ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ በጉዞ ዓምድ በፔሩ ተራሮች ላይ ስላለችው ጥንታዊት የኢንካዎች ከተማ፣ ስለ ማቹ ፒቹ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕር አላቸው፤ አይካድም። ሁለት ቦታ ላይ ግን አላስቻለኝም። አንደኛው የኢንካውን የእግር መንገድ «ጉልበት ለተረፈው» ብለው ካለፉት በኋላ፣ አንባቢው በባቡር ደርሶ ፎቶ ተነሥቶ እንዲመለስ መምከራቸው ነው። ሁለተኛው ስለ ከተማዋ አሠራር «እስከ ዛሬ ያልተፈታ ምሥጢር» የምትለዋ ነገር ናት። ዕድሜዬን በመንገድ ሥራ የጨረስኩ ጡረተኛ መሐንዲስ ነኝ። ጉልበቴ እየተንቋቋም ቢሆን በዚያ መንገድ ሄጃለሁና የታዘብኩትን ልጻፍ።

መንገዱን ለማያውቅ፣ መነሻው ኦላንታይታምቦ ከምትባለው ከተማ አለፍ ብሎ በባቡር ሐዲዱ ዳር ያለ «ኪሎ ሜትር 82» የሚባል ሥፍራ ነው። ከዚያ እስከ ማቹ ፒቹ 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አራት ቀን ይፈጃል። ርቀቱ ሲሰሙት አያስፈራም። የሚያስፈራው በሁለተኛው ቀን የሚወጣው ዋርሚዋኙስካ የተባለው የተራራ በር ነው። ከፍታው ከ4,200 ሜትር ይበልጣል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው 60 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። የደጋ ሰው ነኝ ብሎ መመካት እዚያ አይሠራም። ተጓዡ አስቀድሞ የሚያርፍባት ከተማ ኩስኮ ራሷ 3,400 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ጥቂት ቀን ሳይቀመጡ፣ በደረሱ ማግሥት ለጉዞ የተነሡ ሰዎችን ራስ ምታትና ማስመለስ ከግማሽ ሲመልሳቸው አይቻለሁ። ስለ ዳገቱ ይህ ይበቃል።

የእኔ ነገር ስለ ውኃ ነው። መንገድን ከእግርና ከመኪና ብዛት ይልቅ የሚገድለው ውኃ መሆኑን የትኛውም የሳይት ፎርማን ያውቀዋል። ፓካይማዮ ሸለቆ ውስጥ ሰፍረን ባደርንበት ሌሊት ዝናቡ እስኪነጋ ድንኳናችንን ሲቀጠቅጠው አደረ። በማግሥቱ ሩንኩራካይ የሚባለውን ክብ ግንብ አልፈን ሁለተኛውን በር ተሻገርንና፣ ከኢንካዎቹ ዘመን ጀምሮ በአብዛኛው እንደነበረ የቆየው የድንጋይ ንጣፍ ላይ ደረስን። ጭቃ ነበር የጠበቅኩት። ንጣፉ ረጥቧል እንጂ ውኃ ያቆረ ቦታ የለበትም። ጎንበስ ብዬ ሳይ በተራራው ወገን ጠባብ ቦይ አለ። ውኃው በእሱ ይወርድና ትንሽ እልፍ ብሎ፣ መንገዱን አቋርጠው በተነጠፉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ሥር ይገባል። ወደ ገደሉ ወገን ተሻግሬ ከደጋፊው ግንብ አናት ቁልቁል አንገቴን አሰገግኩ። ግንቡ ላይ ሆን ተብሎ ከተተወ ክፍተት ውኃው ወደ ገደል ይወረወራል። ካልቨርት፣ ማለትም በመንገድ ሥር የሚሠራ የውኃ ማሳለፊያ ነው! አስጎብኚያችን ቀበቶዬን ከኋላ ጨምድዶ ይዞ፣ «ሌላው ሰው እዚህ ቦታ ላይ ኦርኪድ ነው ፎቶ የሚያነሣው» ብሎ ሳቀብኝ።

ታዲያ ምሥጢሩ የቱ ጋ ነው? ማቹ ፒቹ ላይ አሜሪካዊው የውኃ መሐንዲስ ኬኔት ራይት ከፔሩዊው አርኪዮሎጂስት አልፍሬዶ ቫሌንሲያ ጋር ለዓመታት ሲያጠኑ ቆይተው፣ ከግንባታው ሥራ 60 በመቶ ያህሉ ከመሬት በታች እንደሆነ ገምተዋል፤ መሠረቱና የውኃ ማስወገጃው ማለት ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሣቸው እርከኖች ከላይ አፈር፣ ከሥሩ አሸዋና ጠጠር፣ ከታች ደግሞ ትልልቅ ድንጋይ ተደርጎባቸው ነው የተሠሩት። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚወርድበት ሸንተረር ላይ ከተማዋ ከ500 ዓመት በላይ ሳትንሸራተት የቆየችው በዚህ ነው። ይህን «ምሥጢር» ብሎ መጥራት ለእኔ የሠራውን ሰው ሙያ መንፈግ ነው።

ደረጃውን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ቀርጬው ቢሆን ኖሮ አማካሪው መሐንዲስ ንድፉን ፊቴ ላይ ይወረውረው ነበር። ኢንካዎች ሠረገላም ፈረስም አልነበራቸውም፤ መንገዱ የተሠራው ለሰውና ላማ ለሚባለው የጭነት እንስሳ እግር ነው። መንኮራኩር የማይሄድበት መንገድ ተዳፋቱን ለማለዘብ ተራራ መዞር የለበትም፣ ፊት ለፊት በደረጃ ይወጣል። የስፔን ፈረሰኞች ሲመጡ ፈረሶቻቸው በነዚህ ደረጃዎች አሳራቸውን አይተዋል። እኔም በመንገዱ ላይ ካሉት የኢንካ ፍርስራሾች ከፉዩፓታማርካ ወደ ዊኛይ ዋይና ስወርድ ከፈረሶቹ ብዙ አልተሻልኩም። ይህ ሁሉ ደግሞ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ስድስት አገሮችን አንድ ላይ አድርጎ የመዘገበው፣ 30,000 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የመንገድ መረብ አንዲት ቁራጭ ብቻ ነው።

አንድ እርማት አለኝ። ጸሐፊያችሁ በእግር መሄድ የፈለገ «ቱሪስት በሚቀንስበት በፌብሩዋሪ» ቢሄድ ይሻለዋል ብለዋል። በፌብሩዋሪ የእግር መንገዱ ወሩን ሙሉ ዝግ ነው። ከተማዋ ክፍት ናት፤ መንገዱ ግን በዝናቡ ወር በየዓመቱ ለጥገና ይዘጋል። ለጥገና ብሎ የአንድ ወር ገቢ የሚተው አስተዳደር በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም! ነገሩ የቆየ ልማድ ይመስለኛል። ከዚያ ራቅ ብሎ አፑሪማክ ወንዝ ላይ ኬስዋቻካ የሚባል ከሣር የተገመደ ተንጠልጣይ ድልድይ አለ። የአካባቢው አራት ማኅበረሰቦች በየዓመቱ በጁን ወር አሮጌውን ጥለው አዲስ ይገምዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳይታደስ ቀረ፤ በማርች 2021 ተበጥሶ ወንዝ ገባ፤ በዚያው ዓመት ጁን ላይ እንደገና ገምደው አቆሙት። የጥገና በጀት ለሚያዘገይ ሁሉ ይህን ታሪክ ባነበብኩለት።

የተጓዡን ጓዝ ስለሚሸከሙት ሰዎች ጸሐፊው ትንፍሽ አላሉም። ወደ መንገዱ በቀን እንዲገባ የሚፈቀድለት 500 ሰው ሲሆን፣ ተጓዡ ከዚያ ውስጥ 200 ያህል ብቻ ነው። የቀረው አስጎብኚ፣ ወጥ ቤትና ተሸካሚ ነው። ሕጉ ለአንድ ወንድ ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ አይፈቅድም፤ መግቢያው ላይ ሚዛን አለ። ተራችንን ስንጠብቅ ተቆጣጣሪው የአንድ ልጅ እግር ተሸካሚ ጭነት አስፈትቶ የጋዝ ሲሊንደሩን ሲያስወጣበት አየሁ። ሲሊንደሩን ማን ይሸከመው በሚል ቡድኑ ውስጥ ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻ አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ከራሱ ጭነት ምንጣፍ አውጥቶ ሰጠና ሲሊንደሩን ተቀበለ። ዋጋው ከሌሎቹ ሁሉ በጣም የረከሰ አስጎብኚ ድርጅት ሲገጥማችሁ ቅናሹ ከማን ትከሻ ላይ እንደመጣ ጠይቁ።

ባቡር የሚመርጥን ሰው አልነቅፍም። የምነቅፈው የሚሮጠውን ነው። በመጨረሻው ቀን ተጓዡ ሁሉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ተነሥቶ ኬላው ላይ ይሰለፋል። ኬላው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ሲከፈት ኢንቲ ፑንኩ («የፀሐይ በር») በሚባለው፣ ከተማዋ ቁልቁል በምትታይበት ሥፍራ ለመድረስ ይጋፋል፤ ብዙ ጊዜ እዚያ የሚጠብቀው ጉም ነው። በሩጫው ውስጥ ስንቱን የድጋፍ ግንብ ሳያይ እንዳለፈ አያውቀውም።

በእግር ለሚሄድ የጽሑፋችሁ አንባቢ የጎደለውን ልሙላ። የመንገዱ ፈቃድ የሚገኘው ሕጋዊ ፈቃድ ባላቸው ድርጅቶች በኩል ብቻ ነው፤ በፓስፖርት ስምና ቁጥር ይወጣል፣ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ከሜይ እስከ ኦገስት ባለው ደረቅ ወቅት ለመሄድ ያሰበ ፈቃዱን ወራት ቀድሞ ይያዝ። ምርኩዝ የሚይዝም ጫፉ ላይ የጎማ ቆብ ያድርግበት፤ ብረቱ ንጣፉን ስለሚፈቀፍቀው ያለ ጎማ አይፈቀድም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የመንገድ መሐንዲስ